የአያት የጢም ብሩሽ

ለቤት ለቤት ጉብኝት ወጥተን ሳለን በአንድ ደጃፍ ላይ የጢም መላጫ ብሩሽ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አየን። እጀታው ከቀንድ የተሠራ ነው፤ ጸጉሩ ግን ረግፎ ግማሽ ያህሉ ብቻ ቀርቷል። የቤቱ እመቤት የባለቤታቸው አባት በጣልያን ጊዜ ያገኙት መሆኑን ነገሩን። ልጃቸው ሊሞሸር ነውና በአያቱ ብሩሽ እንዲላጭ ፈልገው በእንዶድ አጥበውታል። «እንግዲህ ጸድቷል አይደል?» ብለው ጠየቁን። የሰጠናቸው መልስ ሌላውንም ቤት ስለሚጠቅም ጻፍነው።

የዱሮ ብሩሽ ጸጉር ከፈረስ፣ ከአሳማ ወይም ባጀር ከሚባል አውሬ ይገኝ ነበር። አረፋ በደንብ ስለሚያነሣ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ዛሬም አሮጌ ብሩሽ እየፈለጉ የሚሰበስቡና አድሰው የሚላጩበት ሰዎች አሉ። ያማረ እጀታ ማን ይጠላል! ነገር ግን የእንስሳ ጸጉርና ቆዳ ባለበት እናንተ በከብቶቻችሁ የምታውቁት አባ ሰንጋ ሊኖር ይችላል።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባጀር ጸጉር እንደ ልብ አልተገኘም። ስለዚህ ነጋዴዎች ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ የፈረስ ጸጉር ባጀር አስመስለው ብሩሽ ሠሩበት። ጸጉሩ ግን ጀርሙን በሚገድል መድኃኒት በሚገባ አልጸዳም ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1915 እስከ 1924 ድረስ በአሜሪካና በእንግሊዝ ከ200 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወታደሮች፣ በመላጫ ብሩሽ ምክንያት በአባ ሰንጋ ታመሙ። ምላጭ ፊትን ሲጭር ጀርሙ በጭረቱ ይገባል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ ጀርሙ አልሞተም ወይ?» ትሉ ይሆናል። የአባ ሰንጋ ጀርም ሲደርቅ እንደ ዘር ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ሸፍኖ ይተኛል። እንግሊዞች በ1942 በስኮትላንድ አጠገብ ባለች ግሪናርድ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ይህን ጀርም በበጎች ሞከሩ። ደሴቲቱ በ1986 በመድኃኒት ታጥባ፣ ሰው ያለ ስጋት ይግባባት የተባለው በ1990 ነው። 48 ዓመት ማለት ነው! እንዲህ ያለውን ጀርም እንዶድም ሳሙናም ፀሐይም አይገድሉትም። በቤት ድስት ማፍላትም አያስተማምንም፤ በደጋማው አገራችን፣ ለምሳሌ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውሃ የሚፈላው ገና 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ሐኪም ቤት ዕቃውን የሚቀቅለው በታመቀ እንፋሎት በ121 ዲግሪ ነው። ብሩሹ ደግሞ እንዲህ ቢቀቀል ሙጫው ይለቃል፤ ጸጉሩም ይበላሻል።

እኛ ያ ብሩሽ አባ ሰንጋ አለበት አላልንም። እንዲያውም የመኖሩ ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ግን በዓይን አይታይም፤ ለአንድ ቀን መላጨት ደግሞ የልጅን ፊት ማስያዝ አይገባም።

እጀታውን ለማስቀረት የሚፈልግ ሰው ጸጉሩን አስወጥቶ በፋብሪካ የተሠራ ሰው ሠራሽ ጸጉር በሙጫ ያስተክልበታል፤ ሰብሳቢዎቹም ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሥራው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። አሮጌው ጸጉር በደረቁ ሲቆረጥ ወይም ሲቦረቦር አቧራው በአፍንጫ ይገባል፤ በሳንባ የሚገባው አባ ሰንጋ ደግሞ ከቆዳው ይከፋል። ስለዚህ ጸጉሩን በውሃ አርሶ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ጓንት አድርጎ፣ ልጆችን አርቆ መሥራት፣ የወጣውንም ጸጉር ማቃጠል ነው። ይህ ሁሉ ካልተመቸ እንዳለ በፌስታል ጠቅልሎ ማኖር ይሻላል።

አዲሱም ብሩሽ ቢሆን የአንድ ሰው ብቻ ይሁን። ጭርትና የቆዳ ቁስል ከፊት ወደ ፊት በብሩሽ ይተላለፋሉ፤ ምላጭ መዋዋስማ ከዚያ የከፋ ነው፤ የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ብሩሹን ከተላጩ በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ፣ አራግፎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ማንጠልጠል ነው። እርጥቡን ቆርቆሮ ውስጥ የሚከድኑ ብዙ ቤቶች አይተናል፤ ይሻግታል እኮ።

በፊት ወይም በአንገት ላይ የምታሳክክ ትንሽ እብጠት ወጥታ፣ ውሃ ቋጥራ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ መካከሏ ከጠቆረና ዙሪያዋ ካበጠ፣ አታምም ብላችሁ አትናቋት። የአባ ሰንጋ ቁስል አለማመሙ ነው የሚያታልለው። ካልታከመ ከ100 በሽተኛ እስከ 20 ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በፔኒሲሊንና በመሰሉት መድኃኒቶች ይድናል። በጋለ ብረት አትተኩሱት፣ አታፍርጡት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የአንገት እብጠት ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላልና እስከ ነገ አይባልም።

እመቤቲቱ መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ የአባት ዕቃ ነውና አንፈርድባቸውም። ኋላ ግን ብሩሹን ጠቅልለው ከሣጥኑ መለሱት። ሙሽራውም ሳሙናውን በመዳፉ አረፋ አስነሥቶ፣ በአዲስ ምላጭ ተላጨ። ጢሙም እንደ ብሩሹ ያህል ለሰለሰለት።