አሮጌ ቤት ገዝቶ ለማከራየት፤ የበጀትና የዕድሳት ትምህርት

ከእኛ መካከል ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የያዘ ሰው ጥቂት ገንዘብ እንደ ቋጠረ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ቤት ገዝቶ ማከራየትን ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ቤት መግዛት አንድ ነገር፥ ቤቱ ገንዘብ እንዲያስገኝ ማድረግ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች የሚገኘውን የጭቃ ቤት ምሳሌ አድርገን ጉዳዩን በየተራ እንመልከት።

1ኛ/ ከመግዛት በፊት፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ ገዢው የሚያገኘው ቤቱንና የይዞታውን መብት ነው። እንግዲህ ቤቱ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን፥ ቦታውም በከተማው ፕላን ለመንገድ ወይም ለመልሶ ማልማት ያልተያዘ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ስንት አሮጌ ቤት እንደ ፈረሰ ያየ ሰው ይህን ምክር ከንቱ አይለውም።

2ኛ/ ምርመራ፤ የጭቃ ቤት የሚታመመው ከራሱና ከእግሩ ነው። ራሱ ቆርቆሮው፥ እግሩም መሬት የገባው የባሕር ዛፍ ቋሚ ነው። ቆርቆሮው ሲያፈስ ጭቃው ይርሳል፤ የቋሚው ግርጌ ሲርስ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይገባበታል። አዲስ ቀለም ግን ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ባለቤቱን አስፈቅዶ የግድግዳውን ግርጌ በሁለት በሦስት ቦታ ልጦ ቋሚውን በሚስማር ወግቶ ማየት ነው። ሚስማሩ ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ አልቋል።

3ኛ/ የሥራው ተራ፤ መጀመሪያ ጣሪያና አሸንዳ፥ ቀጥሎ የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ፥ ከዚያ ቋሚና መሠረት፥ ከዚያ የመብራትና የውሃ መስመር፥ በመጨረሻ ልስንና ቀለም ነው። ጣሪያው ከሰኔ በፊት ማለቅ አለበት። እኔና ወንድሞቼ ከእቁብ በደረሰን ገንዘብ በጋራ የገዛነውን ቤት በግንቦት ቀለም ቀባነው፤ ቆርቆሮውን ግን «ለከርሞ ይደርሳል» ብለን ተውነው። በሐምሌ ስንሄድ ተከራያችን የልጆቹን ፍራሽ ወደ ቤቱ መካከል ስቦ፥ በዙሪያው ባልዲ ደርድሮ አገኘነው። ቀለሙን ሁለተኛ ጊዜ ገዛን፤ ኀፍረቱ ግን ከቀለሙ ዋጋ ይበልጥ ነበር።

4ኛ/ ሒሳብ፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ሳይታደስ በወር 9,000 ብር የሚከራይ ቤት በ240,000 ብር ቢታደስ 12,000 ብር ይከራያል እንበል። ጀማሪው 12,000ን በ12 አባዝቶ 144,000 ያገኝና «ሁለት ዓመት ሳይሞላ የዕድሳቱ ገንዘብ ይመለሳል» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። 9,000ው ብር ድሮም ነበረ፤ ዕድሳቱ ያመጣው 3,000 ብቻ ነው። ቤቱ በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢቀር ጭማሪው 33,000 ብር ነው፤ ወጪውም የሚመለሰው ከ7 ዓመት በኋላ ነው።

ቆርቆሮና ቋሚ ግን በሌላ ሚዛን ይለካሉ፤ እነርሱ ካልተጠገኑ 9,000ውም ይቀራልና። እንግዲህ ወጪን በሁለት ዐምድ መጻፍ ነው፤ በአንዱ ያለውን ኪራይ የሚጠብቀው፥ በሌላው ኪራይ የሚጨምረው። ገንዘብ ሲያጥር የሚቀነሰው ከሁለተኛው ነው። በግምቱም ላይ ከመቶ 20 እጅ፥ በምሳሌያችን 48,000 ብር፥ መጠባበቂያ ይያዝ። መጠባበቂያው ግድግዳ ውስጥ ለተደበቀ ብልሽት እንጂ ለተሻለ ሴራሚክ አይደለም።

ወጪው ቢበዛ በተከራዩ ላይ እጨምራለሁ ማለትም አይሆንም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የውሉን ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ጭማሪም የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ነው።

ስለዚህ ገዢው ብሩን ከመክፈሉ በፊት እርሳስና ወረቀት ይያዝ፤ ቤቱንም ከተቻለ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ሄዶ ይየው።