ፊደል የሌለበት ድንጋይ

ድንጋይን የደሃና ገበሬ ያውቀዋል። ማሳው በጎርፍ እንዳይሸረሸር እርከን የሚሠራው በድንጋይ ነው። ቤቱም፣ አጥሩም፣ ወፍጮውም ድንጋይ ነው። ዛሬ የምናነበው ግን ስለ ትክል ድንጋይ ነው። ትክል ድንጋይ ማለት የጥንት ሰዎች ጠርበው ያቆሙት ድንጋይ ነው።

እኛ ዘማች ተማሪዎች ወደ እናንተ ከመምጣታችን በፊት ቲያን አይተናል። ቲያ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። አገሩ ሶዶ ጉራጌ ይባላል። በዚያ ገበሬው ጤፍ ይዘራል፤ በጓሮው ደግሞ እንሰት ይተክላል። እንሰት ሙዝ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የሚበላው ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው።

በቲያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ። ከእነዚህ በ32ቱ ላይ ምልክት ተቀርጿል። ብዙ ጊዜ የሚታየው የሰይፍ ሥዕል ነው። ከሰው ቁመት የሚበልጡም አሉ። ከተተከሉ ከ600 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ዩኔስኮ የተባለው የዓለም የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ታዲያ ፊደል የሌለበት ድንጋይ እንዴት ይነበባል? አንዳንድ ሰዎች የሰይፉ ቁጥር ሟቹ የገደላቸው ጠላቶች ቁጥር ነው ይላሉ። ይህ ግን ግምት ነው። ሊቃውንት ከድንጋዮቹ ሥር በጥንቃቄ ሲቆፍሩ መቃብር አገኙ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። ይህስ በምን ታወቀ? በጥርሳቸውና በአጥንታቸው ነው። እናንተስ የበሬን ዕድሜ ጥርሱን አይታችሁ ትለዩ የለ?

ድንጋዩ፣ የቆመበት ቦታና ከሥሩ ያለው ነገር አንድ ላይ ሲሆኑ ይናገራሉ። «በ» እና «ሬ» ጎን ለጎን ሲጻፉ «በሬ» ይሆናሉ። «ሬ»ን ወስደን ሌላ ቦታ ብንጥላት ቃሉ ይጠፋል። ድንጋዩም ከቦታው ከተነሣ እንዲሁ ነው።

በእኛም አካባቢ የጥንት ሥራ አለ። ከሰቆጣ አጠገብ ያለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ በማሳችሁ የተጠረበ ወይም የቆመ የጥንት ድንጋይ ብታገኙ ለእርከን ብላችሁ አትስበሩት። «ወርቅ አለበት» ብሎ የሚመጣ ሰውም እንዳይቆፍረው ከልክሉ። ለቀበሌ ወይም ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ንገሩ። በማረሻ እየዞሩት ማረስ ያደክማል እንጂ መሬት አያሳጣም። አንዴ የተሰበረ ድንጋይ ግን ተመልሶ አይነበብም።

ጥያቄዎች
1. ትክል ድንጋይ ማለት ምን ማለት ነው?
2. የሟቾቹ ዕድሜ በምን ታወቀ?
3. ድንጋዩ ከቦታው ቢነሣ ምን ይጠፋል?
4. በአካባቢያችሁ ያለ የጥንት ሥራ የትኛው ነው? ተወያዩና ሦስት መስመር ጻፉ።