«ገጨሁ» እና «ተገጨሁ»፤ የአንዲት ቃል ጣጣ

በኮልፋክስ መንገድ ቀይ መብራት ይዞዎት ቆመው ሳለ አንድ ቫን ከኋላ መጥቶ ታክሲዎን ገጨው እንበል። ፖሊሱ ደርሶ «ምን ሆነ?» ሲልዎ ድንጋጤው ገና አልለቀቀዎትም። በአማርኛ ቢሆን «ተገጨሁ» ብለው ይገላገላሉ። «ተ» የምትባለዋ አንዲት ፊደል ማን ማንን እንደ ገጨ ትናገራለች።

እንግሊዝኛው ግን «ተ» የለውም። «ሂት» የሚለው ግሥ በኃላፊ ጊዜም፣ በተደራጊም መልኩን አይለውጥም። ልዩነቱን የምታመጣው «ዎዝ» ናት፦

«አይ ሂት ኤ ቫን»፦ ቫን ገጨሁ።
«አይ ዎዝ ሂት ባይ ኤ ቫን»፦ በቫን ተገጨሁ።

«ዎዝ»ን ከዘነጉ ተገጭተው ሳለ ገጪ ሆነው ይጻፋሉ። «ባይ» እንደኛው «በ» ናት፤ ገጪውን ታመለክታለች። ተሳፋሪ አብሮዎት ከነበረ «ዊ ወር ሂት» ይበሉ።

ሁለተኛው ስሕተት ከቃላት አቀማመጥ ይመጣል። እኛ «ታክሲዬን ቫኑ ገጨው» ስንል «ን» ስላለች አይምታታም። እንግሊዝኛ ግን ከግሡ በፊት ያለውን ገጪ፣ በኋላ ያለውን ተገጪ ያደርጋል። ስለዚህ «ማይ ታክሲ ሂት ዘ ቫን» ካሉ በራስዎ ላይ መሰከሩ። ትክክሉ «ዘ ቫን ሂት ማይ ታክሲ» ነው። ባለ ሱቆችም መኪና ግድግዳችሁን ከመታ «ኤ ካር ሂት ማይ ስቶር» በሉ።

ነገሩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ የመኪና አደጋ ካሣን የምታስከፍለው ጥፋተኛውን ወገን ነው። ጥፋትዎ ከሌላው ጋር እኩል ወይም የበለጠ ነው ከተባለ ከእርሱ ካሣ አያገኙም። የኢንሹራንስ ሠራተኛም በመጀመሪያ ከሚያያቸው ወረቀቶች አንዱ የፖሊሱ ሪፖርት ነው።

ስለዚህ ቃሉ ከጠፋዎት በወረቀት ሥለው ያሳዩ፤ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ያልገባዎትን አይፈርሙ። ገጭተው ከሆነ ግን «ዎዝ»ን መደበቂያ አያድርጓት፤ ውሸት ከአደጋው የባሰ ጣጣ ያመጣል።

መልመጃ፦ «ከኋላ ተገጨሁ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?
መልስ፦ «አይ ዎዝ ሂት ፍሮም ቢሃይንድ።»

መሪ ከመጨበጥዎ በፊት ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው ይበሉት። መልካም መንገድ!