ዘፋኝና የእናት ቋንቋ፤ ከዓሊ ቢራ ሕይወት የምናገኘው ትምህርት

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ እስከ ሰመራ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ሻይ ለመጠጣት የወረደ መንገደኛ በአንድ ቀን የአያሌ ቋንቋዎችን ዘፈን ይሰማል። በዚህ ሸለቆ ያደግን ተማሪዎች ግን ስለ ዘፈን በተነጋገርን ቁጥር፣ «አገር እንዲያውቀው የሚፈልግ ዘፋኝ የእናቱን ቋንቋ ትቶ ብዙ ሰው በሚሰማው ቋንቋ መዝፈን አለበት» የሚል አሳብ ከመካከላችን አይጠፋም። ይህ አሳብ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ለመመርመር የክቡር ዶክተር ዓሊ ቢራን ሕይወት መርጠናል። ድሬዳዋ ከአዋሽ ጋራ በባቡር ሐዲድ የተሳሰረች ጎረቤታችን ስትሆን፣ እሳቸው የዘፈኑበት ኦሮምኛም እንደ አፋርኛ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ነው። ዓመቶቹን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ሰጥተናል።

ዓሊ በ1947 በድሬዳዋ ተወለዱ። ከተማዪቱ በ1902 ከጅቡቲ የመጣው ባቡር የቈረቈራት ስለ ሆነች ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ፣ አማርኛና ዓረብኛ በአንድ ገበያ ይነገሩባት ነበር። በዚያ ዘመን ኦሮምኛ በአካባቢው የብዙ ሰው አፍ መፍቻ ይሁን እንጂ የትምህርት ቤትም ሆነ የፍርድ ቤት ቋንቋ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የከተማዪቱ ወጣቶች «አፍራን ቀሎ» የተባለውን የሙዚቃ ቡድን አቋቋሙ። ስሙ «አራቱ ቀሎዎች» ማለት ሲሆን አላ፣ ባቢሌ፣ ዳጋና ኦቦራ የተባሉትን የሐረርጌ ኦሮሞ ነገዶች ያመለክታል። ቡድኑ በየሠርጉ በኦሮምኛ ይዘፍን ነበር። ዓሊ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ገብተው የመጀመሪያ ዘፈናቸውን ስለ «ቢራ» ዘፈኑ። ቢራ ክረምት አልፎ ሰማይ የሚጠራበት፣ ምድር በአበባ የምታጌጥበት ወቅት ነው። ሕዝቡም ይህንኑ ስም አወጣላቸው።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ቡድኑ በመንግሥት ታገደ። ነገሩ የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ ነው። ያ ወጣት ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ዘፋኝ ሆነ። በድሬዳዋ ሠርግ የታገደው ቋንቋ በመዲናዪቱ መድረክ ላይ ተሰማ። በ1971 የኦሮምኛ ዘፈኖቻቸው በሸክላ ወጡ። በ1984 ከአገር ወጥተው ብዙ ዓመት በውጭ ኖሩ። በ2010 የጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ኅዳር 6 ቀን 2022 በአዳማ ዐርፈው በተወለዱባት በድሬዳዋ ተቀበሩ።

ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የእናትን ቋንቋ መያዝ በሌላው ላይ በር መዝጋት አለመሆኑ ነው። ዓሊ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛም ዘፍነዋል፤ ዑድና ጊታር ተጫውተዋል። ከጎረቤት የተማሩትን ዜማና መሣሪያ ለኦሮምኛው አዋሉት እንጂ ኦሮምኛውን አልለወጡበትም። ሁለተኛው፣ ዘፋኝ ብቻውን የማይቆም መሆኑ ነው። እንደ አዩብ አቡበከር ያሉ ባለ ቅኔዎች ግጥም ባይሰጡ፣ እንደ ዓሊ ሸቦ ያሉ ጓደኞች አብረው ባይዘፍኑ አፍራን ቀሎ ባልኖረ ነበር።

«ኦሮምኛ የሚሊዮኖች ቋንቋ ነው፤ ለትንሽ ቋንቋ ምሳሌ አይሆንም» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም ወደ ሆላንድ እንመልከት እንላለን። ኤደ ስታል የተባለው የእንግሊዝኛ መምህር በሰሜን ሆላንድ በምትገኘው በክሮኒንገን አውራጃ ገበሬዎች ንግግር እየደረሰ ዘፈነ። ያ ንግግር በትምህርት ቤት የማይጻፍ የገጠር አነጋገር ተብሎ የሚናቅ ነበር። ሰውዬው በ1986 ቢሞትም የአገሩ ሰዎች ዛሬም ዘፈኖቹን ይዘፍናሉ። እንግዲህ ዘፈንን የሚያኖረው የሰሚው ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ሰሚው ራሱን በዘፈኑ ውስጥ ማግኘቱ ነው።

አፋርኛ ዛሬ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በኤርትራ ይነገራል። በ2020 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲም ከፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ እንዲሆን አስቧል። ይሁን እንጂ ቋንቋን ዐዋጅ ብቻውን አያኖረውም። ያልተጻፈና ያልተቀረጸ ዘፈን ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል።

ለዚህ መድኃኒቱ ከእጃችን አልራቀም። የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ «ዳጉ» ይቀባበላል፤ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ፣ ከማን እንደሰማ በትክክል ይናገራል፤ ሰሚውም ለሚቀጥለው ያደርሳል። እኛም ዕረፍት በወጣን ጊዜ በየቀበሌያችን ያሉትን አባቶችና እናቶች ጠይቀን፣ ዘፈኑን በስልካችን ቀርጸን፣ ማን እንደ ደረሰውና ለምን ጉዳይ እንደ ተዘፈነ በደብተር ብንጽፍ፣ ለዘፈን ዳጉ አደረስን ማለት ነው። ነገ ከመካከላችን የሚነሣው ዘፋኝ የሚጀምርበትን ስንቅ ያገኛል። ይህን ሥራ ሌላ እስኪሠራልን ብንጠብቅ ግን የምንጠይቃቸውን ሽማግሌዎች አናገኛቸውም።