ሁለተኛው መውጣት

በባዕድ አገር ስለ መኖር ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የተዘጋጀ ጥናት

መግቢያ

ከአገር መውጣት በአንድ ቀን የሚፈጸም ነገር ይመስላል። መንገደኛው ዘመዶቹን ይሰናበታል፤ ባሕር ተሻግሮ ካሰበበት ይደርሳል። ይሁን እንጂ ቅዱስ መጽሐፍን በማስተዋል ስንመለከት፣ ከመጀመሪያው መውጣት በኋላ ሁለተኛ መውጣት እንዳለ እንረዳለን። የመጀመሪያው ከተወለዱበት አገር መውጣት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በባዕድ አገር ለራሳችን ካበጀነው መጠለያ መውጣት ነው። በዚህ ጥናት የምንመለከተው ሁለተኛውን ነው።

1. አብርሃም በካራን

ታራ ልጁን አብራምን፣ ምራቱንና የልጅ ልጁን ሎጥን ይዞ ከዑር የወጣው ወደ ከነዓን ለመሄድ ነበር። ነገር ግን ካራን በደረሱ ጊዜ በዚያው ተቀመጡ (ዘፍ. 11፥31)። ካራን ዑርም አይደለች፣ ከነዓንም አይደለች፤ የመንገድ እኩሌታ ናት። በዚያ ዘመድና ሀብት ነበራቸው፤ ኑሮ ተደላድሎ ነበር። የእግዚአብሔር ጥሪ አብራምን ያገኘው በዚህ መደላደል መካከል ሳለ ነው፤ ሲነሣም ዕድሜው 75 ዓመት ነበር (ዘፍ. 12፥1-5)። እንግዲህ ከአገር የወጣ ሰው ሁሉ መንገዱን ጨርሷል ማለት አይደለም።

2. ከቅዱስ እስጢፋኖስ ደጅ የወጡ ሁለት አባቶች

በቫቲካን፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ በስተኋላ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ይገኛል። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት በዚህ ስፍራ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ነበረ። በዚያ በግዕዝ ይጸለይ፣ በአገር ቋንቋ ይወራ ነበር፤ ከሩቅ የመጣ መንገደኛ እፎይ የሚልበት ቤት ነበር።

በዚያ ይኖሩ ከነበሩት አንዱ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። እኚህ አባት የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በማተሚያ ለማውጣት ተነሡ። እርሳቸው የኅትመትን ሥራ አያውቁም፤ ፊደሉን የሚለቅሙት ሠራተኞችም ግዕዝ አያነቡም። ቢሆንም መጽሐፉ እ.ኤ.አ. ከ1548 እስከ 1549 ታተመ። ስሕተት እንዳለበት አልሸሸጉም፤ እርሳቸውና አታሚዎቹ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ሆነው መሥራታቸውን ገልጸው አንባቢውን ይቅርታ ለመኑ። ሁሉ ነገር እስኪሟላ ቢጠብቁ ኖሮ ሥራው ባልተጀመረ ነበር።

ሁለተኛው የአማራው መካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሊቅ ግዕዝ ለመማር ወደዚያ ቤት በመጣ ጊዜ መምህርም ወዳጅም ሆኑት። በ1652 ደግሞ የጎታው መስፍን ኤርነስት ወደ አገሩ ጠራቸው። በዚያን ጊዜ አባ ጎርጎርዮስ ወጣት አልነበሩም። የተጠሩበት አገር የሉተር ተከታዮች አገር ነበረ፤ ካቶሊካውያንና ፕሮቴስታንቶች የተፋጁበት የሠላሳ ዓመት ጦርነትም ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነበር። እርሳቸው ግን ካቶሊካዊነታቸውን ሳይተዉ ሄዱ። በመስፍኑ ፊት ስለ ኢትዮጵያ እምነትና ሥርዓት የተጠየቁትን መለሱ፤ ለሉዶልፍም አማርኛን አስተማሩት። በ1681 የታተመው የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 የወጣው የአማርኛ ሰዋስው የእኚህ አባት ዕውቀት ያለባቸው ናቸው።

አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህንን ፍሬ አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሰጠሙ። ድፍረት ዋስትና እንደሌለው ለምእመናን ስናስተምር ይህንን መሸሸግ አይገባንም።

3. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

አንደኛ፣ የአገር ሰው ቤት ማረፊያ እንጂ አጥር አይደለም። በዋሽንግተን፣ በሮም ወይም በፍራንክፈርት የሚኖር ሰው በቋንቋው ሲያስቀድስና ቡናውን ከወገኑ ጋር ሲጠጣ መልካም ያደርጋል። ዐሥር ዓመት ኖሮ ከወገኑ በቀር ማንንም ካላወቀ ግን በካራን ቀርቷል ማለት ነው። ሁለተኛው መውጣት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው፤ እየተሳሳቱ መናገር፣ በጉልምስና ዕድሜ በማታ ትምህርት ቤት መቀመጥ፣ ጎረቤትን ቡና መጥራት፣ በአቅራቢያ ባለው ቁምስና ለአገልግሎት ስም መስጠት ነው። የሚያስፈራው ሞት ሳይሆን ኀፍረት ነው፤ በአገሩ የተከበረ ሰው እንደ ሕፃን ቃል ሲፈልግ መታየት ይከብደዋል።

ሁለተኛ፣ የራሳችንን ፍርሃት በሌላው ላይ አንጫን። አብራም ወደ ግብጽ በወረደ ጊዜ ለነፍሱ ፈርቶ ሚስቱን እኅቴ ናት አለ፤ አደጋውም በእርሷ ላይ ወደቀ (ዘፍ. 12፥10-20)። ዛሬም ወላጅ ቋንቋውን መማር ስለ ፈራ የዐሥር ዓመት ልጅ በሐኪም ፊት የእናቷን ሕመም ስትተረጉም እናያለን። ልጅቱ ልትሸከመው የማይገባትን ትሰማለች፤ እናትም ለልጇ የማትነግረውን ከሐኪሙ ትደብቃለች። የወላጅ ድፍረት ለልጅ ዕረፍት ነው።

ሦስተኛ፣ ድፍረትን ከጥፋት እንለይ። ሕይወትን ለደላላ አሳልፎ ሰጥቶ በረሃና ባሕር ማቋረጥ የምናስተምረው ድፍረት አይደለም። እንዲሁም በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ፓስፖርቷ የተወሰደባትንና በር የተዘጋባትን እኅት "ደፈር በይ" ማለት ግፍ ነው። እርሷ ከምቾት ውስጥ አልተቀመጠችም። በዚህ ጊዜ ከደጁ መውጣት ያለብን እኛ ነን፤ ስልኳን ማንሣት፣ የታመነ እርዳታ ማፈላለግ፣ ቤተሰቧን ማገናኘት የእኛ ዕዳ ነው። ጌታችን እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝን ብሎ የሚጠይቀን ስለዚህ ነው (ማቴ. 25)።

4. ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በምንኖርበት ስፍራ የእኛ "ካራን" የትኛው ነው?
ለ. ከስሕተት ወይም ከኀፍረት ፍርሃት የተነሣ የተውነው መልካም ሥራ ምንድን ነው?
ሐ. የእኛን ፍርሃት በእኛ ፋንታ የሚሸከም ማን ነው? ልጃችን፣ ሚስታችን፣ ወይስ ባልንጀራችን?
መ. በቁምስናችን በቅርቡ የመጣ፣ ገና ማንም ያልጎበኘው እንግዳ አለን?

መምህራን ሆይ፣ ውይይቱ በቃል ብቻ እንዳይቀር እያንዳንዱ ተሳታፊ እስከሚቀጥለው ስብሰባ የሚፈጽመውን አንድ ነገር ይምረጥ፤ ብቻውንም እንዳይሄድ አንድ ባልንጀራ ይመደብለት። አብራምም ከካራን ሲወጣ ብቻውን አልነበረም።