ዲፕሎማት ባገባ ያለመከሰስ መብት አገኛለሁ?

ጥያቄ፦ እጮኛዬ አዲስ አበባ የሚሠራ አሜሪካዊ ዲፕሎማት ነው። ስንጋባ እኔም ያለመከሰስ መብት ይኖረኛል?

መልስ፦ እዚህ አገር አይኖርዎትም። በ1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተፈረመው የቪየና ስምምነት አንቀጽ 37 መብቱን የሚሰጠው የተቀባዩ አገር ዜጋ ላልሆኑ የቤተሰብ አባላት ነው። ኢትዮጵያዊት እስከሆኑ ድረስ በመኪና ሰው ቢገጩ እንደማንኛውም ዜጋ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። ባለቤትዎ ናይሮቢ ቢመደብና አብረውት ቢኖሩ ግን መብቱ ይደርስዎታል፤ እዚያ የውጭ ዜጋ ነዎትና።

ይልቅ አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እጮኛዎ ከጋብቻው በፊት ለመሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት፤ የእርስዎም ማንነት ይጣራል። እባክዎ ይህን እንደ ንቀት አይዩት። ስለ ዘመድ፣ ስለ ቀድሞ ሥራ ሲጠየቁ አንዳች አይደብቁ፤ ብዙ ጊዜ ችግር የሚያመጣው መደበቁ ነው። የሠርግ አዳራሽ ከመያዛችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።