ስለ ልጆች መጫወቻ ስፍራ

ነቢዩ ዘካርያስ ስለ ኢየሩሳሌም መታደስ በተናገረ ጊዜ ሁለት ምልክት ሰጠ፤ አንደኛው ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በአደባባይ ተቀምጠው መታየታቸው ነው፤ ሁለተኛውም አደባባዩ በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች መሞላቱ ነው። ለአንዳንድ ሰው የልጆች ጨዋታ ትንሽ ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ልጅ ያለ ፍርሃት የሚጫወትበት ከተማ ሰላም ያገኘ ከተማ መሆኑን ማን ይክዳል?

ልጆች ሆይ፥ ከጦርነት በኋላ አንዲት ከተማ ለልጆችዋ ምን እንዳደረገች አድምጡ። የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሆላንድ አገር አምስተርዳም የምትባል ከተማ አለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች ይዘዋት ነበር። በውስጥዋ ይኖሩ ከነበሩት አይሁድ ብዙዎቹን ወደ ሞት ስፍራ ስለ ወሰዷቸው ቤቶቻቸው ባዶ ቀሩ። ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ክረምት ጽኑ ረኃብና ብርድ ሆነ፤ ማገዶም ስለ ጠፋ ሰዎች ከባዶዎቹ ቤቶች ወለሉንና ወጋግራውን እየነቀሉ አነደዱት። እንጨቱ የተነቀለበት ቤት ፈረሰ፤ በቤቱም ፈንታ ባዶ መሬት ቀረ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ብዙ ልጆች ተወለዱ፤ ነገር ግን ቤቱ ጠባብ ነበረ፥ መንገዱም የመኪና መሄጃ እየሆነ ሄደ። አስቀድሞ ከነበሩት መጫወቻዎች ብዙዎቹ በአጥር የተከለሉና ለማኅበርተኞች ልጆች ብቻ የሚከፈቱ ነበሩ።

በከተማይቱ የሥራ መሥሪያ ቤት ያኮባ ሙልደር የምትባል አዋቂ ሴት ነበረች። ከእርስዋም ጋር አልዶ ቫን አይክ የተባለ በ1918 የተወለደ ወጣት የሕንፃ ሥራ ሊቅ ይሠራ ነበር። በ1947 በርተልማን በሚባለው አደባባይ የመጀመሪያውን መጫወቻ ሠራ። ሥራው እጅግ ቀላል ነበረ። ሰፊ የስሚንቶ ጠርዝ ያለው የአሸዋ ስፍራ አበጀ፤ በአሸዋው ውስጥ አራት ክብ ድንጋዮች አኖረ፤ ከዚያ ወዲያ ልጆች የሚገለባበጡባቸውን የብረት አግዳሚዎች አቆመ፤ በዙሪያውም ዛፎችና አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ። ሌላ ምንም የለም።

ጠርዙ ሰፊ መሆኑን ልብ በሉ። ሕፃኑ ይቀመጥበታል፥ እናቱም ከአጠገቡ ትቀመጣለች፥ የአሸዋ ዳቦ ለሚጋግሩትም ገበታ ይሆናል፤ ከፍ ያሉት ልጆች ደግሞ ይሮጡበታል። ቫን አይክ በመጫወቻዎቹ ላይ የዝሆንና የአንበሳ ምስል አላደረገም። ዝሆን ሆኖ የተሠራ ነገር ሁልጊዜ ዝሆን ነው፤ ክቡ ድንጋይ ግን ዛሬ ፈረስ፥ ነገ ምድጃ፥ ከነገ ወዲያም ተራራ ይሆናል። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ገንዘብ አውጥተው ያጌጠ ነገር የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነበረ።

የሌላ ሰፈር ሰዎችም ባዩ ጊዜ፥ ለእኛም ልጆች ይሠራልን ብለው ወደ ከተማው አስተዳደር ደብዳቤ ጻፉ። ስለዚህ የፈረሱ ቤቶች በነበሩበት ባዶ መሬት፥ በየመንገዱም ማዕዘን መጫወቻ ይሠራ ጀመር፤ እስከ 1978 ድረስ ከ700 የሚበልጡ ተሠሩ። አንድ ታላቅ መናፈሻ በሩቅ ከመሥራት ይህ ይሻላል፤ የአራት ዓመት ልጅ መኪና የሚሮጥበትን ጎዳና ብቻውን ተሻግሮ ወደ ሩቅ መናፈሻ ሊሄድ አይችልምና።

ይሁን እንጂ በቅርብ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ልጅ ሲጫወት መውደቁ አይቀርም፤ ድንጋይ ወይም ስሚንቶ ላይ በራሱ ቢወድቅ ግን ጉዳቱ ጽኑ ነው። ስለዚህ በአሁኑ ዘመን ከፍ ካለው መወጣጫ በታች አሸዋ፥ የተፈጨ የዛፍ ልጥ ወይም ጎማ ያደርጋሉ። ከዥዋዥዌ በታች ያለው አሸዋ በልጆች እግር እየተገፋ ይሳሳል፤ ጠባቂው በየጊዜው መልሶ ካልሞላው የአሸዋው ጥቅም ይቀራል።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። እግሩ የማይሄድለት ልጅ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ወደ መጫወቻው ቢመጣ ምን ያደርጋል? ያ መልካም የስሚንቶ ጠርዝ ለእርሱ ግድግዳ ነው፤ መንኰራኵሩም ከአሸዋው ይሰጥማል። ባልንጀሮቹ ሲጫወቱ እርሱ ከዳር ሆኖ ያያል። ይህ ሐዘን ከመውደቅ ቍስል አያንስም።

መድኃኒቱ ግን አስቸጋሪ አይደለም። አሸዋውን እንደ ገበታ ከፍ አድርገው ከበታቹ ለጉልበት ባዶ ስፍራ ቢተዉለት፥ ልጁ ወንበሩን አስጠግቶ ከሌሎቹ ጋር ይጋግራል። በደረጃ ፈንታ ተዳፋት መንገድ ቢሠሩለት ወደ ላይ ይወጣል፤ ልኩም አንድ ክንድ ከፍታ ለመውጣት አሥራ ሁለት ክንድ ርዝመት ነው፤ ከዚህ ቢያጥር ለክንዱ ይከብደዋል። ማየት ለማይችል ልጅ ሲነኩት ድምፅ የሚሰጥ ነገር ይሰቅላሉ። በአሜሪካ አገር በ1990 በወጣው ሕግ መሠረት በተዘጋጀው ደንብ፥ ከ2012 ጀምሮ አዲስ የሚሠራ የሕዝብ መጫወቻ አካል ጉዳተኛ ልጅ የሚገባበት ሆኖ እንዲሠራ ግዴታ ሆኗል።

አንዳንዶች፥ ለአንድ ልጅ ብሎ ይህን ያህል ወጪ ለምን? ይላሉ። በዚያው ተዳፋት ግን ሕፃንዋን በጋሪ የምትገፋ እናት ትወጣበታለች፤ ምርኩዝ የያዘው ሽማግሌም የልጅ ልጁን ሊያይ ይወጣበታል። አንድ ልጅ ብቻ ቢሆንስ? መቶ በጎች የነበሩት እረኛ ስለ አንዲቱ ሲል ዘጠና ዘጠኙን ትቶ እንደ ሄደ ተምራችኋል።

ቫን አይክ በ1999 ሞተ። ከሠራቸው መጫወቻዎች ብዙዎቹ ፈርሰዋል ወይም ተለውጠዋል፤ መሬቱ ለቤትና ለመኪና ማቆሚያ ተፈልጓልና። ከብረት መወጣጫዎቹ ግን ጥቂቶቹ በአምስተርዳም በታላቁ የአገሩ ሙዚየም አትክልት ውስጥ ቆመዋል። በሙዚየሙ ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች መንካት ክልክል ነው፤ በውጭ ባሉት ብረቶች ላይ ግን ልጆች ይንጠላጠላሉ።